ሻስታ ዴዚያችሁ ምን ነካው? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ነጭ አበባ፣ መሀሉ ቢጫ፣ ቁመቱ እንደ ዝርያው ከጉልበት እስከ ወገብ። ሻስታ ዴዚ ይህ ነው። ሉተር በርባንክ የተባለው ዕፅዋት አዳቃይ ሳንታ ሮዛ፣ ካሊፎርኒያ ሆኖ የተለያዩ የዴዚ ዝርያዎችን ለዓመታት ሲያዳቅል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1901 ለገበያ አወጣው። ስሙ የመጣው እዚያው ካሊፎርኒያ ካለው በረዷማ የሻስታ ተራራ ነው። ለእኛም ቢሆን ፍጹም ባዕድ አይደለም፤ የአደይ አበባ፣ የኑግና የሱፍ ዘመድ ነው።

ይህን የምጽፈው በተለይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ጓሮ ላላችሁ ነው። እዚህ አፈሩ ብዙ ቦታ ሸክላ ነው፣ ሰመሩ ያፍናል፣ ዊንተሩ እርጥብ ነው። ብዙ ሰው አበባው ትንሽ ሲከፋው ውሃ ይጨምርለታል፤ ካልተሻለው ደግሞ ማዳበሪያ። ይህን አበባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ይኸው ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከተት አድርጉና እርጥበቱን እዩ።

አምና አምሮ ነበር፣ ዘንድሮ ግን አልወጣም

ብርዱ ገደለው ብላችሁ ትደመድሙ ይሆናል። ሻስታ ዴዚ ግን ከእኛ አካባቢ የባሰ ብርድ ይችላል። የማይችለው ዊንተሩን ሙሉ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ነው። ነቅላችሁ እዩት። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ጥቁር፣ ለስላሳና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። እሱን ማዳን አይቻልም፤ ዳር ላይ ነጭና ጠንካራ ሥር ያለው ቁራጭ ካገኛችሁ ግን ቆርጣችሁ ሌላ ቦታ ትከሉት።

መፍትሄው ያለው ቦታው ላይ ነው። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉበት። ከሰዓታት በኋላም ውሃው እዚያው ካለ፣ ቦታው ለዚህ አበባ አይሆንም። መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ ብስባሽም በደንብ ቀላቅሉበት። አሸዋ ብቻ ሸክላ ላይ መጨመር አይረዳም፤ እንዲያውም አፈሩን እንደ ድንጋይ ሊያጠነክረው ይችላል። ስትተክሉ የተክሉ አንገት፣ ማለትም ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ፣ ከአፈሩ እኩል ይሁን እንጂ አይቀበር። ጉዝጓዙንም ከአንገቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አርቁት። እንጨት ፍቅፋቂውን እስከ ግንዱ ድረስ መከመር እዚህ ሰፈር በጣም የተለመደ ነው፤ በየጊዜው ሳየው ያሳዝነኛል።

ቅጠሉ ለምለም፣ አበባው የለም

ከዘር የተዘራ ከሆነ ታገሱት፤ በመጀመሪያው ዓመት ላያብብ ይችላል። ከዚያ በላይ ከቆየ ጥላውን እዩ። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ሲተከል ፀሐይ የነበረው ቦታ፣ ጎኑ ያለው ዛፍ ሲያድግ ጥላ ይሆናል።

ፀሐዩ በቂ ከሆነ ደግሞ ማዳበሪያውን ጠይቁ። ከረጢቱ ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው የናይትሮጅን ነው። የሳር ማዳበሪያ ላይ ይህ ቁጥር ትልቅ ነው። ሳሩ ላይ ስትበትኑ አበባው መደብ ውስጥ ከገባ፣ ተክሉ ጉልበቱን ሁሉ ቅጠል ላይ ያውለዋል። ለሻስታ ዴዚ በስፕሪንግ አንድ ጊዜ የሚደረግ ብስባሽ ይበቃዋል።

ግንዱ እየተኛ ነው

ምክንያቱ እላይ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ጥላ ወይም ናይትሮጅን። ሌላው ዝርያው ነው። አላስካ የሚባለው የቆየ ዝርያ ከዝናብ በኋላ ይወድቃል። ቤኪ የሚባለው ግን ወደ 1 ሜትር ቢጠጋም ግንዱ ጠንካራ ነው፤ ሙቀትና ወበቅም ይችላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የዓመቱ ምርጥ ቋሚ (በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ) አበባ ተብሎ ተመርጧል። አዲስ የምትገዙ ከሆነ እሱን ግዙ። ያላችሁን ለማቆም ከፈለጋችሁ ሜይ አጋማሽ ላይ ከቁመቱ ሲሶውን ቁረጡት። ትንሽ ዘግይቶ ያብባል፣ ግን ቆሞ ያብባል።

መሀሉ ባዶ ሆኖ ዳር ዳሩ ብቻ በቀለ

ይህ በሽታ አይደለም፣ እርጅና ነው። ሻስታ ዴዚ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ካልተከፋፈለ መሀሉ እንጨት ይሆንና ይሞታል። በስፕሪንግ መጀመሪያ ወይም ሴፕቴምበር ላይ ሙሉውን ነቅላችሁ አውጡት። የመሀሉን ደረቅ ክፍል ጣሉት። የዳሩን ሥርና ቅጠል ባለው ቁራጭ ከፋፍላችሁ ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ። ትርፉን ለጎረቤት ስጡ። ከሁሉም እንክብካቤ እኔ የማልዘለው ይህን ነው።

ቅጠሉ ላይ ጥቁር ክብ ነጠብጣብ

ሜይ መጨረሻና ጁን ላይ የላይኞቹ ቅጠሎች በእኩል መጠን በተበተኑ፣ ጎድጎድ ባሉ ክብ ጠባሳዎች ከተሞሉ ፈንገስ ነው ብላችሁ አትሩጡ። ጀርባው ላይ አራት ጥቁር መስመር ያለው ቢጫ አረንጓዴ ተባይ የቅጠሉን ጭማቂ እየመጠጠ ነው። ስትጠጉት ከቅጠሉ ሥር ይደበቃል። በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ ስላለው ሰመር አጋማሽ ላይ የለም። ለተክሎች ተብሎ የሚሸጠው ሳሙና ትንንሾቹን ይገድላል፤ የተበላሸውን ቅጠል ቁረጡት፣ አዲስ ያወጣል።

ነጠብጣቡ ከታች ቅጠሎች ጀምሮ ቅርጽ አልባ ሆኖ ከተስፋፋ ግን ፈንገስ ነው። የታመመውን ቅጠል አስወግዱ፣ ውሃውን ጠዋት ከሥሩ አጠጡ፣ ነፋስ እንዲገባው አራርቁት።

ክሽክሽ (ተክሉ ላይ ተሰብስበው ጭማቂ የሚመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ከታየ በሀይለኛ ውሃ አጥቡት፤ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጠወለገ፣ ውሃም አልረዳው

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ውሃውን አቁሙ። በአንድ ጎን ብቻ እየጠወለገና ቢጫ እየሆነ ከሄደ ደግሞ አፈር ውስጥ የሚኖር ቨርቲሲሊየም የሚባል ፈንገስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም። ነቅላችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት፣ ብስባሽ ላይ እንዳትጥሉት። እዚያው ቦታ ሌላ ዴዚ አትትከሉ።

በየቦታው ተባዝቶ ሳሩን ወረረው

እንዲህ ከሆነ ሻስታ ዴዚ ላይሆን ይችላል። መንገድ ዳር በሜይ የሚያብበው የዱር ዴዚ ለሻስታ አንዱ ወላጁ ነው፣ በጣምም ይመሳሰላሉ። የዱሩ አበባ ግን አነስ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። የሻስታው ከ7 እስከ 10 ይደርሳል። የዱሩ በዘርም በሥርም ይሰራጫል። ዘር ሳያፈራ ከነሥሩ ንቀሉት። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በሚቀጥሉት ዓመታትም ብቅ ሲል ንቀሉ።