ስለ መብራት፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪናና ስለ ሶላር ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ ቡና ላይም ሆነ ኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞች ሻይ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ተመሳሳይ ነው። መብራት ለምን ይጠፋል? የኤሌክትሪክ መኪና ያዋጣል ወይ? ሶላር ብናስገባስ? ጥያቄዎቹ ሁሉ የሚገቡ ናቸው፤ ኪስንም ኑሮንም ይነካሉ። የሚያስቆጨው፣ እውነተኛ ቅሬታ በተምታታ ቁጥር ላይ ሲቆም በቀላሉ መውደቁ ነው። አቤት ያለው ሰው ሜጋ ዋትን ከኪሎ ዋት ሰዓት ከደባለቀ፣ ጉዳዩን የሚያውቀው ኃላፊ ስህተቱን ብቻ አርሞ ይሸኘዋል፤ የጠፋው መብራት ግን እንደጠፋ ነው። ስለዚህ ደጋግመው የሚሰሙትን ስህተቶች ከነምክንያታቸው ማየት ይጠቅማል።

ሜጋ ዋትን እንደ ዓመት ምርት መቁጠር

ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁሉም አፍ ላይ የነበረው ቁጥር 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ተርባይኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሙሉ አቅማቸው ቢዞሩ በዚያች ቅጽበት የሚሰጡት ነው። በዓመት የሚመረተው የሚለካው በጊጋ ዋት ሰዓት ነው፤ አንዱ ጊጋ ዋት ሰዓት 1,000 ሜጋ ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚሰጠው ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የዓመቱን 8,760 ሰዓት ያለ እረፍት ቢሠራ 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከግድቡ በዓመት የሚጠበቀው ግን ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት፣ ማለትም ሲሶ ያህሉ ነው። በአማካይ ሲታሰብ 1,800 ሜጋ ዋት አካባቢ ይመጣል።

ከዚህ ላይ ሰው በሁለት ተቃራኒ መንገድ ይሳሳታል። አንዱ 5,150ውን ሌት ተቀን የሚፈስ አድርጎ ለአገር ሁሉ ያከፋፍለዋል። ሌላው ሲሶውን ሲሰማ «ተታለልን» ይላል። የዓመቱን ምርት የሚወስነው ግን ዓባይ በዓመት የሚያመጣው ውሃ ነው፤ ያም በአብዛኛው የሚመጣው በክረምት ነው። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ያቆያል፤ ከአማካዩ በላይ የተተከለው የተርባይን አቅም ደግሞ አገሩ ሁሉ ምጣድና መብራት በሚከፍትበት ሰዓት ብዙ ውሃ በአንዴ ለመልቀቅ ያገለግላል። የአቅሙን ሲሶ ማምረት ለእንዲህ ዓይነት ግድብ ነውር አይደለም።

በቤትም ልዩነቱ ይኸው ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ ለሰዓት ተኩል ቢሠራ 5.25 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ሽቦውን የሚያግለው የመጀመሪያው ቁጥር፣ ቆጣሪው የሚመዘግበው ሁለተኛው ነው። ቢል ከፍ ሲል «ቆጣሪው ተበላሽቷል» ከማለት በፊት ይህን ማስላት ያስፈልጋል፤ ታሪፉ በፍጆታ እርከን የሚጨምር ስለሆነ በወር ጥቂት ተጨማሪ የእንጀራ ቀን እንኳ ወደ ከፍተኛው እርከን ሊያሻግር ይችላል።

«ግድቡ አልቆ እያለ መብራት ለምን ይጠፋል?»

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ በትዕግሥት መመለስ ያለበትም ይህ ነው። ግድቡ ካለበት ከጉባ የተነሳ ኃይል ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ ያለ ቤት ለመድረስ በከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ይጓዛል፣ ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ይወርዳል፣ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ከተማ ይገባል፣ በመጨረሻ ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ይለወጣል። ግድቡ የሚያስተካክለው የዚህን መንገድ መነሻ ብቻ ነው። አብዛኛው የሰፈር ጨለማ የሚመጣው ከመጨረሻው ኪሎ ሜትር ነው፤ ዛፍ የነካው ሽቦ፣ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ፣ በክረምት መብረቅ የመታው መስመር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር።

ትራንስፎርመሩን በቁጥር እንየው። በላዩ 100 ኪሎ ቮልት አምፔር (ለምጣድ ሲሆን ከኪሎ ዋት ጋር እኩል የሚቆጠር መለኪያ) የተጻፈበት ከሆነ፣ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስቡ ከ28 የማይበልጡ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ይችላል፤ ያውም ሌላ ምንም ነገር ካልበራ ነው። በሰፈርዎ ስንት ቤት ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ እንደሚጋግር ያስቡ። ሲተከል 40 ቤት የነበረው ሰፈር ዛሬ ኮንዶሚኒየምና ዳቦ ቤት ከጨመረ፣ አሥር ግድብ ቢሠራም ያ ትራንስፎርመር ይግላል፣ ዘይቱ ያረጃል፣ ፊውዙ ይበጠሳል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል።

ከመደወልዎ በፊት ጉዳቱ የት እንዳለ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። የጠፋው የእርስዎ ቤት ብቻ ከሆነ ብሬከሩን፣ ቀጥሎም የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ካለዎት ቀሪ ሒሳቡን ይመልከቱ። ከጎረቤት አንዱ ጠፍቶ አንዱ ከበራ፣ ለሰፈሩ ኃይል ከሚያመጡት ሦስት ሽቦዎች (ፌዝ) አንዱ ተቋርጧል ማለት ነው፤ ሲሶ ያህሉ ቤት ይጨልማል። ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቶ ማዶ ያለው ሰፈር ከበራ ትራንስፎርመሩን ወይም ወደ እሱ የሚመጣውን መስመር ይጠርጥሩ። ደሴም ኮምቦልቻም አንድ ላይ ከጠፉ ጉዳዩ ማከፋፈያ ጣቢያው ወይም ዋናው መስመር ነው።

አንድ ምልክት ግን ጊዜ አይሰጥም። አንዱ አምፖል ከመጠን በላይ ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ ኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ለ220 የተሠራ ዕቃ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልቴጅ ሊያገኘው ይችላል። ዋናውን ብሬከር ወዲያውኑ አጥፍቶ መደወል ነው፤ ቴሌቪዥኑን ብቻ መንቀል አይበቃም።

ቮልቴጅ መውረድም የራሱ ስሌት አለው። 220 ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት በ40 ቮልቱ ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ከ3.5 ወደ 2.3 ኪሎ ዋት ገደማ ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አላወጣም ብለው ሊጡን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ይለኩ። ለምጣድ ትልቅ ስታቢላይዘር መግዛት መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም ስታቢላይዘሩ ቮልቴጁን የሚያነሳው ከመስመሩ ብዙ አምፔር በመሳብ ስለሆነ የጎረቤትን ቮልቴጅ የበለጠ ይጥለዋል። ሁሉም ቤት ቢገዛ ሁሉም ይባስ ይጎዳል። ስታቢላይዘር ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ይሁን። ምጣዱ ደግሞ 16 አምፔር ስለሚስብ ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ በ1.5 ሽቦ ላይ ከአምፖል ጋር የተቀጠለ ምጣድ ቤት ያቃጥላል።

አቤቱታን ለማይመለከተው መሥሪያ ቤት መውሰድ

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው በሁለት ተቋም ተከፍሏል። የማመንጫዎቹና የዋና ዋና መስመሮቹ ባለቤት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ የከተማውን መስመር፣ ትራንስፎርመሩን፣ ቆጣሪውንና ቢሉን የያዘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ስለ ሰፈር ትራንስፎርመር የሚቀርብ ጥያቄ ለሁለተኛው ነው። «ሁልጊዜ ይጠፋል» የሚል ደብዳቤ ክብደት የለውም። በየትኛው ቀን ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ማታ በሦስት ሰዓት የተለካው ቮልቴጅ፣ ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈው አቅምና ከእሱ የሚጠቀሙ አባወራዎች ብዛት ተጽፎ በነዋሪዎች ሲፈረም ግን መልስ ሳይሰጡት ማለፍ ይከብዳል። ሰዓቱን ሲጽፉ «ከሌሊቱ» ወይም «ከቀኑ» ማለትን አይርሱ።

«ለጎረቤት አገር እየሸጡ እኛን አጨለሙን»

ኢትዮጵያ ለጅቡቲና ለሱዳን ኤሌክትሪክ ስትሸጥ ቆይታለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከወላይታ ሶዶ በሚነሳው መስመር ለኬንያ ትሸጣለች። ነገር ግን ለኬንያ የተላከው ኃይል እዚህ ቢቀር፣ የሰፈርዎ ትራንስፎርመር የሚሸከመው አንድ ኪሎ ዋት እንኳ አይጨምርም። መንገዱ ሲጠብ ዕቃ ማብዛት ምንም አይረዳም። ስለዚህ ሽያጩን በደፈናው መቃወም ስህተት ነው። ከዚህ ይልቅ ከሽያጩ የሚገኘው የውጭ ምንዛሪ ወደ ትራንስፎርመር፣ ወደ ሽቦና ወደ ምሰሶ ይመለሳል ወይ ብሎ መጠየቅ የማንኛውም ዜጋ መብት ነው። ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የተደገፈ መልስ ሊሰጠን ይገባል ብለን እናምናለን።

«የኤሌክትሪክ መኪና ሐረጎን አይወጣም»

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ አባባል በርትቷል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ቀላል መንገድ አይደለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ 650 ሜትር ያህል ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ሰዎቹን ጨምሮ 1,800 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለማንሳት 3.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። የሞተሩ ብክነት፣ የጎማና የነፋስ ግጭት ሲታከልበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይደርሳል። ባትሪው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ከያዘ ከሰባት አንዱ እጅ ብቻ ሄደ ማለት ነው። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ስለሚዞር ከባትሪው የሚወጣው ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

እንዲያውም በከፍታ የሚቸገረው የነዳጅ ሞተር ነው። በደሴ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ስስ ስለሆነ፣ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን አይፈልግም። ይኸው ነገር ጄኔሬተር ሲገዛም ይረሳል፤ 5 ኪሎ ዋት የተጻፈበት ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር በደሴ 4 እንኳ ላይሞላ ስለሚችል፣ ምጣድ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲሰካበት ታንቆ ሊጠፋ ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ደሴ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተው ወደ ኮምቦልቻ አይውረዱ፤ የሞላ ባትሪ በቁልቁለቱ የሚመነጨውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መኪናው በፍሬን ሸራ ብቻ ይያዛል፣ ፍሬኑም ይግላል። 85 በመቶ ላይ ማቆም ይበቃል። በተራ ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞላ 2.2 ኪሎ ዋት ስለሚስብ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ለመተካት ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ከምጣድ ያነሰ ጭነት ቢሆንም ለረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ሶኬቱና ሽቦው ደህና መሆን አለባቸው፤ ማከፋፈያ ገመድ ላይ አይሰካም። በዚህ ፖሊሲ ላይ የሚከራከር ሰው ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ፣ ስለ መለዋወጫና ስለ ሠለጠነ መካኒክ ቢጠይቅ ጥያቄው ጠንካራ ነው። ስለ ዳገቱ ግን መልሱ ከላይ ያለው ነው።

ሶላርን ከሚችለው በላይ ማሸከም፣ ወይም ከነጭራሹ መናቅ

300 ዋት ፓኔል ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። አምፖል፣ ስልክ፣ ቴሌቪዥንና ዋይፋይ በዚህ በደንብ ያድራሉ። አንድ ዙር እንጀራ ግን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አልፎ ስለሚፈልግ አምስት ያህል ፓኔልና 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር (የፓኔልና የባትሪን ኃይል ወደ 220 ቮልት የሚቀይር) ይጠይቃል፤ ለአብዛኛው ቤት አያዋጣም። ባትሪውም ያታልላል፦ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሚል የእርሳስ ባትሪ በወረቀት 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ከግማሹ በላይ መጠቀም የለብዎትም።

«ደሴ ብርድ ስለሆነ ሶላር አይሠራም» የሚባለው ተገላቢጦሽ ነው። ፓኔል የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ሙቀት ይጎዳዋል። ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። የሚጎዳው የክረምቱ ጉም ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ምርቱ እንደሚቀንስ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ፓኔሉን ከ10 እስከ 15 ዲግሪ አዘንብለው ወደ ደቡብ ያዙሩት፤ ያ ዝንባሌ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበውም ይረዳል።

አንድ ብርዳም ወር አይቶ ስለ ዓለም ሙቀት መፍረድ

ታኅሣሥ ላይ ደሴ ጦሳ ተራራ ስር ውርጭ ሲወርድ «የት አለ የምትሉት ሙቀት?» ይባላል። የአየር ንብረት የሚመዘነው በ30 ዓመት አማካይ ነው። በሌላ በኩልም አንድ ጎርፍ ወይም አንድ ድርቅ በመጣ ቁጥር ሁሉን ለአየር ንብረት ለውጥ መስጠት ያው ስህተት ነው። ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት) በመጣባቸው ዓመታት የሰሜን ኢትዮጵያ ክረምት መድከሙ የቆየ ነገር ነው። ድርቅን ወደ ረሃብ የሚቀይረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ የሰው ውሳኔ ነው፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰው እልቂት ተደብቆ መቆየቱ ለዚህ ምስክር ነው።

የዘመን አቆጣጠሩን ሳያዩ ቁጥር ማጋራት

በቴሌግራም የሚዞር ብዙ «ተቃራኒ» መረጃ ተቃራኒ አይደለም። አንዱ 2017 ሲል በኛ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው በፈረንጅ፤ በመካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። ሌላው ደግሞ የሚናገረው ከሐምሌ 1 ስለሚጀምረው የበጀት ዓመት፣ ያውም የዘጠኝ ወሩን ብቻ ሊሆን ይችላል። የዘጠኝ ወር ምርት ካለፈው ሙሉ ዓመት ጋር ተነጻጽሮ «ወረደ» ሲባል ደጋግመው ያያሉ። ቁጥሩን ከማስተላለፍዎ በፊት ዘመኑን፣ የስንት ወር እንደሆነና መለኪያውን ይመልከቱ፤ ከሦስቱ አንዱ ካልተጻፈ አያጋሩት።