ከሲያትል ተነስቶ የሬይኒየርን የበረዶ ግግር በአንድ ቀን አይቶ መመለስ

ሲያትል የምንኖር ሰዎች ይህን ተራራ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሰማዩ ሲጠራ ሀይዌይ ላይ እየነዳን ፊት ለፊታችን ድቅን ይላል። ሐምሌም ነሐሴም ነጭ ነው። ብዙዎቻችን ግን ለዓመታት ከመኪና መስኮት እያየን እናልፈዋለን። ገመድና የበረዶ መጥረቢያ የያዘ ሰው ብቻ የሚሄድበት ይመስለናል። ጫፉ ላይ ለመውጣት እውነት ነው፣ ያስፈልጋል። ግግሩን በቅርብ ለማየት ግን ጥሩ ጫማ፣ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት የመነሳት ቁርጠኝነት ይበቃል።

ስለ ተራራው ትንሽ ልበል። ማውንት ሬይኒየር 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ነው። ከራስ ዳሸን ትንሽ ያንሳል። ራስ ዳሸን ላይ ግግር የለም፤ እዚህ ግን ከ20 በላይ አሉ። ቦታው ከምድር ወገብ ሩቅ ነው፤ ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየርም ተራራው ላይ በረዶ ሆኖ ይራገፋል። ጉዟችን የሚጀምርበት ፓራዳይዝ የሚባለው ቦታ ከ1971 እስከ 1972 ባለው አንድ የብርድ ወቅት 28.5 ሜትር በረዶ ወርዶበታል። የዓመቱ በረዶ ቀልጦ ሳያልቅ የሚቀጥለው ይደርብበታል። ክብደቱ የታችኛውን ጨምቆ ድንጋይ የመሰለ ጠጣር ያደርገዋል። ያ ጠጣር በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ቁልቁል ይሄዳል። ግግር የሚባለው ይኼ ነው።

ቀኑን ምረጡ

አገር ቤት ሐምሌ ክረምት ነው። እዚህ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ዝናብ ፋታ የሚሰጠው በዚያን ጊዜ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ በፊት የላይኛው መንገድ ገና በረዶ ስር ነው። እኔ የምመርጠው ከሐምሌ መጨረሻ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለውን ነው፤ ሜዳው በአበባ የሚሸፈነው ያኔ ነው። ከተቻለ ቅዳሜና እሁድን ተዉት።

ይህ ጊዜ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይገጥማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ፣ እባካችሁ ያን ቀን ረጅሙን መንገድ አትሂዱ። ያለ ውሃ ፀሐይ ላይ አራት አምስት ሰዓት መውጣትና መውረድ ቀላል ነገር አይደለም። ወይ ከነሐሴ 1 በፊት ሂዱ፣ ወይ ከታች የምነግራችሁን አጭሩን መንገድ ያዙ።

ማታውኑ ሸክፉ

በአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ያዙ። መንገድ ላይ የሚወርደው ምንጭ ንጹሕ ቢመስልም ሳይጣራ አይጠጣም። ለስንቅ የእኛን ምግብ የሚያህል የለም፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ጉልበት ይሰጣል። በሶ በጠርሙስ በጥብጣችሁ ብትይዙ ደግሞ ስትወርዱ ታመሰግኑኛላችሁ።

ጂንስ አትልበሱ። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ሰውነት ያቀዘቅዛል። ጋቢም ጥጥ ነውና መኪና ውስጥ ይቆይ፤ ስትመለሱ ትደርቡታላችሁ። ቀላል የዝናብ ጃኬት፣ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ መነጽርና የፀሐይ ክሬም ያዙ። በረዶ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ከታች ወደ ላይ ይረጫል፤ አገጭና የአፍንጫ ሥር ይቃጠላል። ጫማችሁ የታችኛው ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ዱላም ያዙ። አያቶቻችን ያለ ነገር ዱላ አልያዙም፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበትን ያሳርፋል።

ካርታውን ስልካችሁ ላይ ቤት እያላችሁ ጫኑት። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም ብላችሁ ተነሱ። ተራራው ያለበትን የማውንት ሬይኒየር ብሔራዊ ፓርክ ድረ ገጽም በዚያው ማታ እዩ፤ የመንገድ መዘጋትና የመግቢያ ደንብ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። በር ላይ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ካርድ ያዙ።

ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ውጡ

በአሜሪካ አቆጣጠር ጠዋት 5 ሰዓት ማለቴ ነው። ከሲያትል ፓራዳይዝ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። በአሽፎርድ በኩል አድርጋችሁ በኒስኳሊ በር ትገባላችሁ። ነዳጅ ከመግባታችሁ በፊት ሙሉ፤ ፓርኩ ውስጥ ማደያ የለም። አርፍዳችሁ ከደረሳችሁ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞሩ ቀኑ ያልቃል።

መንገዱን ያዙ

የምንሄድበት ስካይላይን ትሬል ይባላል። ዙሪያውን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ 520 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። ከጎብኚዎች ማዕከሉ ጎን ካሉት ሰፋፊ የድንጋይ ደረጃዎች ጀምሩና ወደ ግራ እየያዛችሁ ውጡ። ይህ አቅጣጫ ግግሩን ቶሎ ያሳያል።

መጀመሪያ ላይ ዳገቱ ይከብዳል። ቀስ በሉ። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ከፍታው አያስፈራችሁ፤ የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ እንኳ 2,160 ሜትር ግድም ነው፣ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ከአዲስ አበባ ዝቅ ባለ ቦታ ቆሞ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋ በረዶ ማየት ለእኔ እስካሁን ያስገርመኛል።

ከመንገዱ ወጥታችሁ አበባው ላይ አትቁሙ። እዚያ ተክል የሚያድግበት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። አንዴ ከተረገጠ ለማገገም ዓመታት ይፈጅበታል። ማርሞት የሚባለው ወፍራም አይጥ መሳይ እንስሳና ቀበሮው ምግብ ፍለጋ ሊጠጓችሁ ይችላሉ። አትስጧቸው። ሰው ያለመዳቸው ቀበሮዎች መኪና ይገጫቸዋል።

ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ እንደወጣችሁ ግሌሲየር ቪስታ ትደርሳላችሁ። እዚህ ተቀመጡ። ቆሎውን አውጡ።

የኒስኳሊ ግግር ከፊታችሁ ነው። ከሩቅ ነጭ የሚመስለው ቀርባችሁ ስታዩት ብዙ ቀለም አለው። ላይኛው ነጭ ነው፣ ስንጥቆቹ ውስጥ ሰማያዊ ይታያል፣ የታችኛው ጫፍ ድንጋይና አፈር ተሸክሞ ግራጫ ነው። ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ስር የሚወርደው ውሃ ይሰማል። አንዳንዴ ድንጋይ ይንከባለላል፤ ድምፁ የሚደርሳችሁ ዓይናችሁ ካየው በኋላ ነው። ግግሩ ላይ ግን አትውረዱ። ስንጥቁ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ጠንካራ መሬት ይመስላል።

ልጆች ወይም ከአገር ቤት የመጡ ወላጆች አብረዋችሁ ካሉ ከዚህ ተመለሱ፤ ምንም አልቀረባችሁም። ይህም ከከበዳቸው ኒስኳሊ ቪስታ የሚባል የሁለት ኪሎ ሜትር ቀላል ዙር አለ። እናቴን ይዣት የሄድኩት በዚያ ነው። ግግሩን ባየች ጊዜ ነጠላዋን አስተካክላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ከፓኖራማ ፖይንት በኋላ ተጠንቀቁ

ጉልበት ያላቸው ወደ ፓኖራማ ፖይንት ይቀጥሉ። መጸዳጃ ቤት አለ። ከዚያ በኋላ ያለው አቋራጭ በበጋም ቀጥ ያለ በረዶ ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ የላይኛውን ስካይላይን የሚያመለክተውን ምልክት ተከተሉ።

እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው። የመጀመሪያዬ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ነበር የጀመርኩት። ጉም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወርዶ ሁሉን ሸፈነው። በረዶው ላይ የእግር ዱካ አየሁና ተከተልኩ። ዱካው ግን ወደ ጫፉ የሚወጡ ሰዎች ዱካ ነበር፣ ወደ ካምፕ ሙይር የሚሄድ። ዳገቱ አላልቅ ሲለኝ ነው የነቃሁት። ቁሜ፣ ካርታዬን አይቼ፣ የራሴን ዱካ እየረገጥኩ ተመለስኩ። ስለዚህ ዱካ ሳይሆን ምልክትና ካርታ ተከተሉ። ጉም ሲመጣ ካያችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ስምንት ሰዓት (በአሜሪካ 2 ሰዓት) ላይ የትም ሁኑ የት ፊታችሁን ወደ መኪናው አዙሩ።

ቁልቁለቱ በሜርትል ፏፏቴ በኩል ያመጣችኋል። ዙሩ ከእረፍት ጋር አምስት ሰዓት ገደማ ነው።

ስትመለሱ ድልድዩ ላይ ዞር በሉ

ወደ በሩ ስትወርዱ የኒስኳሊን ወንዝ የሚሻገር ድልድይ አለ። ካለፋችሁት በኋላ መኪና ማቆሚያ ፈልጉና ውጡ። ውሃው ንጹሕ አይደለም፣ ሲሚንቶ የተበጠበጠበት ይመስላል። ግግሩ ድንጋዩን ፈጭቶ ያወረደው ዱቄት ነው። በ1800ዎቹ አጋማሽ ግግሩ ይህን ቦታ አልፎ ይወርድ ነበር። አሁን ከድልድዩ ሆናችሁ ሽቅብ ስታዩ ባዶ የድንጋይ ሸለቆ ነው። ጠዋት የተቀመጣችሁበት ሩቅ ላይ፣ ከሸለቆው በላይ ነጩ ይታያል።