የቦይለሩ ስሌት

ባሕር ዳር ለምንሠራው አዲስ ቤት የዓመቱን የመብራት ፍጆታ ሳሰላ ቦይለሩ ብቻ 13,140 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖብኝ ደነገጥኩ። ለካ 1.5 ኪሎዋቱን በ24 ሰዓትና በ365 ቀን አባዝቼዋለሁ! ቦይለር እኮ ውሃው ሲሞቅ ራሱ ያቆማል።

ስለዚህ ከውሃው ጀመርኩ። በቀን 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ በዓመት 1,360 ያህል። ከታንከሩ ለሚያመልጠው ሙቀት በግምት 15 በመቶ ጨመርኩ። የእንጀራ ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ቢሆንም በሳምንት ለአራት ሰዓት ብቻ ስለምንጋግርበት 728 ነው። ፍሪጁን ግን ለመገመት ፈራሁ፤ አሁን የምንኖርበት ቤት ሌላውን ሁሉ ነቅዬ ቆጣሪውን አንድ ሙሉ ቀን ጠበቅኩት (ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች)፤ 1 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ።

አምፖሎቹ ሲጨመሩ 2,821 መጣ። ግማሹን የሚበላው ውሃው ስለሆነ ጣራው ላይ የፀሐይ ማሞቂያ ልናስገባ ነው።