ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር መብራት፦ ልስን ከመመረጉ በፊት የሚያልቅ ሥራ

ቤታቸውን ሊያስፋፉ የተነሡ ሰዎች ስለ መብራት ሲያማክሩኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳዩኝ ፎቶ ነው። ክብ ይሁን አራት ማዕዘን፣ ጠርዙ ነሐስ ይምሰል ወይስ ነጭ ይሁን ይሉኛል። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ የዋናውን ኃይል ቮልት ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፎርመር የት ይቀመጣል? የ12 ወይም የ24 ቮልት መብራት ያለ እሱ አይበራም፤ ብዙ ጊዜ ከመብራቱ ቀድሞ የሚበላሸውም እሱ ነው። አንድ ቤት ውስጥ ከመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ጀርባ ተቀብሮ አግኝቼዋለሁ። በአንድ እጅ የሚያዝ ሳጥን ለመቀየር ደህናውን ሴራሚክ መስበር ግድ ሆነ።

ስለዚህ እቅዱን ከዚያ ይጀምሩ። ቁም ሣጥን አናት ላይ፣ ደረጃ ሥር፣ ዕቃ ቤት ውስጥ ወይም መክፈቻ በተተወለት ኮርኒስ ላይ ሊሆን ይችላል። መሥፈርቱ ሁለት ነው፤ ያለ መዶሻ በእጅ የሚደረስበት ይሁን፣ አየርም ያግኝ። በሙቀት መከላከያ ጥጥ የተሸፈነ ትራንስፎርመር ሙቀቱን የሚያስወጣበት የለውም፤ ዕድሜው የሚያጥረውም በዚሁ ነው። ለመብራቶቹ በቀረበ መጠን ደግሞ ይሻላል፤ ምክንያቱን ወደ ሽቦው ስንደርስ አሳያለሁ።

ከዚያ ብርሃኑ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ ይወስኑ። የግድግዳ መብራት ክፍሉን በሙሉ ያበራል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ሥራው ወለሉን ማሳየት፣ ደረጃውን መለየት፣ ማታ ዋናው መብራት ሳይበራ መንገድ መምራት ነው። ለመተላለፊያና ለደረጃ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከፍ ብሎ ወደ ታች የሚያበራውን እመርጣለሁ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ በግምት 1 ሜትር ከ20፣ የቆመ ሰው ዓይን ደግሞ 1 ሜትር ከ60 አካባቢ ይውላል፤ በዚህ ከፍታ ላይ የሚተከልና ፊቱ ያልተጋረደ መብራት ዓይን ከመውጋት በቀር ጥቅም የለውም።

ደረጃ ላይ በየሁለት ወይም በየሦስት እርከኑ አንድ ይበቃል። ዋናው ነገር እያንዳንዱ መብራት ከራሱ እርከን ጫፍ እኩል ከፍታና እኩል ርቀት ላይ መሆኑ ነው። አንዱ በሁለት ሳንቲ ሜትር ቢስት መስመሩ ሲጎብጥ ከታች የሚመለከት ሰው ሁሉ ያየዋል።

ፕላኑ ላይ የቤት ዕቃውን ሳይሥሉ ቦታ አይምረጡ። ሶፋ ጀርባ የሚያበራ መብራትና በተከፈተ በር የሚሸፈን መብራት በየቤቱ አለ። ግድግዳው ቆሞ ልስን ገና ሳይጀመር፣ አንድ ምሽት የእጅ ባትሪ ይዘው ይግቡ። አንድ ሰው ባሰቡት ቦታ ባትሪውን ወደ ታች አዘቅዝቆ ይያዝልዎ፣ እርስዎ ደግሞ ወንበር የሚቀመጥበት ቦታ ይቀመጡ፣ በበሩም ይግቡ ይውጡ። ወረቀት ላይ ያማረው ቦታ ግማሹ እዚያው ይሰረዛል። ግድግዳውን ተጠግቶ የሚወርድ ብርሃን የልስኑን ጉብታና የመልሰኛ ዱካ ሁሉ እንደሚያጋልጥም አይርሱ። መብራቱ የት እንደሚሆን ለለሳኙ አስቀድመው ይንገሩት፤ ያንን ግድግዳ በተለየ ጥንቃቄ ይሠራዋል።

አሁን ግድግዳውን እንየው። ማስፋፊያ ላይ ሁለት ዓይነት ግድግዳ አለ። አንደኛው የቀድሞው ቤት ውጫዊ ግድግዳ የነበረና አሁን ወደ ውስጥ የገባው ነው፤ ሁለተኛው አዲሱ ነው። አሮጌው ብዙ ጊዜ ጣሪያ ተሸክሟል፤ እሱን በአግድም ረጅም ቦይ መቆፈር ከመሐንዲስ ጋር ሳይነጋገሩ የሚሠራ ነገር አይደለም። እኔ የምይዘው ልክ፣ ቁልቁል የሚወርድ ቦይ ከግድግዳው ውፍረት ሢሶ፣ አግድም የሚሄድ ደግሞ አንድ ስድስተኛ እንዳያልፍ ነው። የኮንክሪት ዓምድና ከበር በላይ ያለው አግዳሚ ጨርሶ አይነኩም። አዲሱ የውጭ ግድግዳ የሙቀት መከላከያና የእርጥበት ሽፋን ካለው ደግሞ እያንዳንዱ የመብራት ቀዳዳ ያንን ሽፋን ይበሳል። ምርጫ ካለዎት መብራቱን በውስጥ ግድግዳ ላይ ያድርጉት።

መብራቱ የሚገጠምበትና ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ሳጥን የሚፈልገው ጥልቀት የመብራቱ ጥልቀት ብቻ አይደለም፤ ሽቦው የሚታጠፍበት ቦታም ይፈልጋል። ብዙ ሥራ የሚበላሽበትን ነጥብ እዚህ ላይ ልንገርዎ። ሳጥኑን የሚያስረው ሰው በብሎኬቱ ፊት ልክ ያስረዋል። ከዚያ 2 ሳንቲ ሜትር ልስን ይመጣል፤ በላዩ ላይ ሴራሚክ ካለ ሌላ ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። መጨረሻ ላይ ሳጥኑ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይገኛል፣ የመብራቱ ሞላ የሚይዘው ጠርዝ ያጣል፣ መብራቱም በሲሊኮን ተለጥፎ ይቀራል። የሳጥኑ ከንፈር ካለቀለት ግድግዳ ፊት ጋር እኩል እንዲሆን የልስኑን ውፍረት ጠይቀው ያሳስሩ። አፉንም በተጨማደደ ጋዜጣ ይጠቅጥቁት፤ ሲሚንቶ የሞላውን ሳጥን በመሮ ማጽዳት ሽቦ ያስቆርጣል። ከፍታውን ደግሞ ከጥሬው ወለል አይለኩ። ያለቀለት ወለል የት እንደሚያርፍ አስልተው ከእሱ በላይ 1 ሜትር ላይ በውሃ ልክ መስመር ያስምሩና ሁሉንም ከዚያ መስመር ወደ ታች ይለኩ።

12 ይሁን 24 ቮልት? ስሌቱን አብረን እንሥራው። ባለ 3 ዋት መብራት 10 ቢኖርዎት ድምሩ 30 ዋት ነው። በ12 ቮልት 2.5 አምፔር ይፈሳል። ርቀቱ 15 ሜትር ከሆነ ሽቦው ሄዶ ስለሚመለስ 30 ሜትር መዳብ አለ ማለት ነው፤ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሽቦ ተቃውሞው 0.35 ኦም ያህል ይሆናል። መብራቶቹ ሁሉ መጨረሻው ላይ ቢሰበሰቡ ወደ 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከ12 ቮልት ይህ ከመቶ 7 በላይ ነው። በ24 ቮልት ግን አምፔሩ ግማሽ ስለሚሆን የሚጠፋው 0.44 ቮልት ገደማ፣ ከመቶ 2 ያነሰ ነው። የሩቁ መብራት ከቅርቡ ደብዝዞ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ከጥቂት ሜትር ያለፈ ርቀት ሲሆን ያለ ክርክር 24 ቮልት እመርጣለሁ፤ 12 መሆን ካለበት ሽቦውን ወደ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከፍ አደርጋለሁ።

ትራንስፎርመሩን ሲገዙ መለያውን ያንብቡ። ቋሚ ቮልት የሚሰጠውና ቋሚ አምፔር የሚሰጠው አንድ አይደሉም። ቋሚ ቮልት ለሚፈልጉት መብራቶች ሽቦው በትይዩ ይዘረጋል፤ እንደ 350 ሚሊ አምፔር ያለ ቁጥር የተጻፈባቸው ግን በተከታታይ ይያያዛሉ፣ አንዱ ሲቋረጥም ሁሉም ሊጠፉ ይችላሉ። ለግድግዳ መብራት የመጀመሪያው ይቀለኛል። ጭነቱ ከትራንስፎርመሩ አቅም 80 ከመቶ እንዳያልፍ ያድርጉ፤ ለ30 ዋት ባለ 40 ዋት ይግዙ። ብዙ ዋት ለሚበላው ለቀድሞው የሃሎጂን አምፖል ተብሎ የተሠራ አሮጌ ትራንስፎርመር ከተገኘ አይጠቀሙበት። ብዙዎቹ ከተወሰነ ዋት በታች በትክክል አይሠሩም፤ በኤልኢዲ ትንሽ ጭነት መብራቱ ይርገበገባል።

ዝቅተኛ ቮልት ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር የለም። 12 ቮልት በደረቅ እጅ ሲነካ አይመታም፤ የላላ ማያያዣ ግን ሲግል እሳት ያስነሣል። 50 ዋት በ12 ቮልት ከ4 አምፔር ይበልጣል። ስለዚህ ከትራንስፎርመሩ በኋላ ለየመስመሩ ፊውዝ ይግባለት፣ ማያያዣም ሁልጊዜ የሚከፈት ሳጥን ውስጥ ይሁን እንጂ ልስን ሥር አይቀበር። የዋናው ኃይል ሽቦና የዝቅተኛ ቮልቱ ሽቦ በአንድ ቱቦ አይሂዱ። ከብሬከር እስከ ትራንስፎርመር ያለውን ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተዉ። መታጠቢያ ቤትና ውጭ ለሚገጠመው መብራት የውሃ መከላከያ ደረጃውን አይተው ይግዙ፤ ዝናብ ለሚያገኘው አይፒ 65 እጠይቃለሁ።

ብርሃኑን ማደብዘዝ ከፈለጉ አሁኑኑ ይናገሩ። አንዳንዱ ማደብዘዣ ከዋናው ኃይል በኩል ይሠራል፤ አንዳንዱ ግን ከማብሪያው እስከ ትራንስፎርመሩ ተጨማሪ የመቆጣጠሪያ ሽቦ ይፈልጋል፤ ቱቦ ካልተተወለት እሱን ልስን ካለቀ በኋላ ግድግዳ ሳይቆፍሩ ማስገባት አይቻልም። የብርሃኑ ቀለም ላይ ብዙ አልልም፤ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን አንዱን ይምረጡና በቤቱ ሁሉ አይቀላቅሉ።

ልስን ከመጀመሩ በፊት መብራቶቹን ለጊዜው አያይዘው ያብሩና እያንዳንዱ ሳጥን ጋር ቮልቱን ይለኩ። ቱቦው ሁሉ ውስጥ ትርፍ መጎተቻ ገመድ ይተዉ። ከዚያ ግድግዳውን በሙሉ ሜትር ዘርግተው ፎቶ ያንሱ፤ ነገ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር የሚመታው ሰው ሽቦው በየት እንዳለፈ የሚያውቀው ከዚያ ፎቶ ብቻ ነው። ከመብራቱም ሁለት ትርፍ ይግዙ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያው ቅርጽና ያው የቀዳዳ ስፋት ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል።