ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆችን በቦርከና ወንዝ በኩል ከባሕር ጋር እንዴት እናስተዋውቅ?

ሰኔ 1 የዓለም የውቅያኖስ ቀን ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላሉ ልጆች ግን ባሕር ማለት ካርታ ላይ ያለ ሰማያዊ ቀለም ነው። በቃል ብቻ ብትነግሯቸው በማግስቱ ይረሱታል። ወንዝ ዳር ወስዳችሁ ስታሳዩዋቸው ግን አይረሱትም። ለሠፈር ልጆች ወይም ለትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የግማሽ ቀን ጉዞ እንዲህ ይዘጋጃል።

ጠዋት ውጡ። በበልግም ሆነ በክረምት ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይመጣል፤ ከጦሳ ጋራ የሚወርድ ጎርፍ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ላይ ዘንቦ ከሆነ ታች ፀሐይ ቢወጣም ጉዞውን አስተላልፉት። የወላጅ ፈቃድ፣ ውሃና ዳቦ መያዝ ያው የታወቀ ነው።

ሁለት ቦታ ምረጡ፤ አንዱ ከመኖሪያ ቤቶች በላይ፣ ሌላው ከከተማው በታች። ከታች ያለውን ከዳር ሆናችሁ ብቻ እዩት። በተለይ ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካዎች በታች ባለ ውሃ ልጆች እጃቸውን እንዳይነክሩ። ዝግ ብሎ በሚፈስ ወይም በተኛ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ ሊኖር ስለሚችል እዚያም መግባት የለም።

ዕቃ አታብዙ። ጓንት፣ ሳሙና፣ ጥቂት ባዶ ማዳበሪያ፣ ደብተርና አንድ ነጭ ሳህን ይበቃል። ውድ መሣሪያ ካልተገኘ ብላችሁ ጉዞውን እንዳታዘገዩ። ስልክ ኪስ ይግባ፤ ፎቶ የሚያነሳ አንድ ሰው በቂ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። ልጆቹ «ይሄ ውሃ ባሕር ይገባል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ብዙ አስተማሪ ነገሩን ለማሳጠር «አዎ፣ የጣላችሁት ፌስታል ውቅያኖስ ይደርሳል» ይላል። ቦርከና ግን ባሕር አይገባም። በኮምቦልቻ አልፎ፣ የጨፋን ረግረግ ተሻግሮ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽም አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ልጅ ይህን አንድ ቀን ካርታ ላይ ሲያገኘው የነገራችሁትን ሁሉ ይጠራጠራል። ስለዚህ እውነቱን ንገሩት። እውነቱ ራሱ ይበቃል፤ የጣልነው ፌስታል ጨፋ ላይ የሚግጥ ከብት ሆድ ይገባል። ያ ከብት የሰው ሀብት ነው።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙሩ። ከኩታበር ወዲያ የሚወርደው ውሃ በሽሎን ይቀላቀላል፤ በሽሎ ዓባይን፣ ዓባይም ሜዲትራንያን ባሕርን። በመንገዱ ላይ ሕዳሴና አስዋንን የመሰሉ ግድቦች ስላሉ የሚወርደው ሁሉ ይደርሳል ማለት አይደለም። ግን ከዚሁ ተራራ ጀርባ ወደ ባሕር የሚወስድ መንገድ እንዳለ ሲሰሙ ዓይናቸው ይበራል።

እኔ የበለጠ የምወደው ሦስተኛውን መልስ ነው። ሽቅብ፣ ወደ ሰማይ እንዲያዩ አድርጓቸው። የወሎ በልግ እርጥበቱን በአብዛኛው የሚያገኘው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል ነው። እኛ ወደ ባሕር ባንሄድ ባሕሩ በዝናብ ወደ እኛ ይመጣል። በጋዝና በጭስ ምክንያት ምድር ላይ ከቀረው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የዋጠውም ውቅያኖስ ነው። የባሕር ሙቀት ሲዛባ ደግሞ የእኛም ዝናብ ይዛባል። በ2007 ክረምት ሩቅ ያለው ፓሲፊክ ሞቆ ኤልኒኖ ሲከሰት እዚህ አገር ዝናብ ጠፋ፤ በቀጣዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ አስፈለገው። እዚህ ላይ አንድ አዛውንት አብረው ቢመጡ መልካም ነው። በልግ የቀረበትን ዓመት ከእሳቸው አፍ መስማት ከማንኛውም ሥዕል ይበልጣል።

ቀጥሎ ድንጋይ መገልበጥ ነው። ከላይኛው ቦታ፣ ጥልቀት በሌለው ፈሳሽ ውሃ፣ ጓንት አድርጋችሁ አንድ ድንጋይ በቀስታ አንሱና ከሥሩ ያለውን ሳህኑ ላይ እጠቡት። ነጭ ሳህን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ትንንሾቹ ነፍሳት ጎልተው ይታያሉ። ድንጋይ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀጭን ጅራት ያላቸው ዕጮች በብዛትና በዓይነት ከተገኙ ውሃው ጥሩ አየር አለው ማለት ነው። ከከተማው በታች ትልቅ ሰው ብቻ ናሙና ያንሳ። እዚያ ቀይ ትል የሚመስሉት ብቻ ከቀሩ ውሃው ታፍኗል። ልጆቹ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ እናንተ መናገር አያስፈልጋችሁም፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። አይተው ሲጨርሱ ነፍሳቱን ወደነበሩበት መልሱ፣ ድንጋዩንም እንደነበረ አስቀምጡ።

ቆሻሻ መልቀም መጨረሻ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ከሆነ ልጆቹ ሥራ የተሰጣቸው ይመስላቸዋል። ሰባራ ጠርሙስና መርፌ እንዳይነኩ አስጠንቅቁ። ትልቁ ጥንቃቄ ግን ማዳበሪያው ከሞላ በኋላ ነው። ሰው ፎቶ ተነስቶ ከረጢቱን ወንዝ ዳር ትቶ ሲሄድ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ወሰደው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ማን እንደሚረከባችሁ እወቁ። ሃይላንዱን ለብቻ ለዩትና ለቆራሌው ስጡ። ፌስታሉን የቀበሌው የጽዳት ማኅበር እንዲያነሳው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስትመለሱ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ያገኛችሁትን ነፍሳት፣ ቀኑንና ቦታውን ደብተር ላይ ጻፉ። ከክረምት በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ውሃው ሲጠራ እዚያው ቦታ ተመልሳችሁ ድንጋይ ገልብጡ፤ ያኔ ደብተሩን የሚይዘው ከልጆቹ አንዱ ይሁን።