ተመርቃችሁ ሥራ ስትፈልጉ

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስም ሆነ ከእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ብትመረቁ፣ ዲግሪው እንጀራ የሚሆነው ማስረጃው ሲሟላ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ግዴታ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው።

ጊዜያዊ ዲግሪና ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ማስረጃ) ስትቀበሉ፣ ስማችሁን እስከ አያት ድረስ ከመታወቂያችሁ ጋር አመሳክሩ። በእንግሊዝኛው አንዲት ፊደል ብትለይ የሥራ አመልካቾች መዝጋቢው ሊመልሳችሁ ይችላል። ስህተት ካለ እዚያው ሬጅስትራር አሳርሙ፤ ቡሬ ወይም ደጀን ከገባችሁ በኋላ መመላለሱ የትራንስፖርት ብር ይጨርሳል።

ማስታወቂያ ላይ መጀመሪያ የትምህርት ዓይነቱንና ልምዱን እዩ፤ «0 ዓመት» የሚለው ለእናንተ ነው። ስትመዘገቡ የማስረጃችሁን ፎቶ ኮፒ አስገቡ፣ ዋናውን ለማመሳከሪያ ብቻ አሳዩ።

የወረዳ ቅጥርን በጭራሽ አትናቁ፦ የቤት ኪራዩ ከባሕር ዳር ይቀላል፣ ለቀጣዩ ውድድርም የሥራ ልምድ ታገኙበታላችሁ። ስትለቁ የልምድ ደብዳቤውን ማኅተም አስደርጋችሁ ውሰዱ።