ጎመን አልበላም ለሚል ልጅ የአትክልት መደብ ስጡት

ጅማ ውስጥ ኬጂ ወይም አንደኛ ክፍል ለምታስተምሩ፦ ስለ ቫይታሚን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍ በፊት ልጆቹን ፍጅል (ራዲሽ) አስዘሩ። ፍጅል ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ካሮት እስኪደርስ ሁለት ሦስት ወር በትዕግሥት አይጠብቅም። ካሮቱንም ዝሩ፣ ግን ከጎኑ ቆስጣ ይኑር። ቆስጣ የውጭ የውጭ ቅጠሉን ሲቀጥፉት መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ልጆቹ በየጊዜው የሚለቅሙት አያጡም።

የቡና ገለባ መቼም እኛ ጋ ሞልቷል። ጥሬውን ግን መደብ ላይ እንዳትበትኑት፣ ችግኝ ያቀጭጫል። ከፍግና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ወራት ተብላልቶ፣ ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት ነው የሚሆነው። ዝናባችን ስለሚበረታ መደቡን ከፍ አድርጉት። ለማጠጫ የሃይላንድ ክዳን በምስማር በሳስቶ መስጠት ነው፤ ለትንሽ እጅ ከባልዲ ይሻላል።

ዋናው ነገር መብላቱ ላይ ነው። ራሳቸው ይንቀሉ፣ በንጹሕ ውሃ አጥበው እዚያው ይቅመሱ። «ብላ» አትበሉ፤ «እስቲ ቅመስና ያቃጥላል ወይ?» በሉት። ያኔ ፊቱን እያጨማደደም ቢሆን ይደግማል። ለቀመሰ ከረሜላ መሸለም ግን ልፋቱን ገደል መክተት ነው።

ቆስጣና ካሮቱን በትንሽ ዘይት ጠበስ አድርጉት፤ በካሮት የሚገኘው ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይዋሃድም። የተረፈውን ቅጠል በእፍኝ በእፍኝ ቋጥራችሁ ወደ ቤት ላኩላቸው።